«እንደገና ፍሬሽ ከምሆን ዓረብ ሀገር እሄዳለሁ!»

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ትዳር አይደለም፤ ስለ ፍቅርም አይደለም። ግን ልክ እንደነሱ እናትና ልጅ ያኳርፋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ኪስ ያራቁታል። ጉዳዩ የኮርስ ኮድ ነው! «ደግሞ ኮድ ምን ሆነና ነው እናትና ልጅ የሚያኳርፈው?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ቤታችን እስኪገባ ድረስ ከቁብ አልቆጠርኩትም ነበር።

የምኖረው ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አየር ጤና ነው። ታናሽ እህቴም ከኔ ሁለት አጥር አልፋ ትኖራለች። ልጇ በ2015 ዓ.ም. ሰሜን ካለ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ለእረፍት መጣች። በዚያው የመንገዱ ነገር አስጊ ሆነና እናቷ «ሞቼ ነው ቆሜ የምልክሽ!» ብላ አስቀረቻት። ልጅቷ ወራት ቤት ቁጭ አለች። በኋላ «እዚሁ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ገብታ አካውንቲንግ ትማር» ተባለና ወረቀቷን አንጠልጥላ ወደ አንድ ኮሌጅ ሄደች።

መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ወረቀቱን አንዴ ገልበጥ አደረገና «ይሄ አይያዝም፤ ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ» አላት። አለቀ! ማታ እህቴ ቤት ስደርስ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ እናቷ ደግሞ ቡናውን ከጀበናው ጋር ረስታዋለች።

«አንድ ዓመት ሙሉ በሶና ጭኮ የላኩት፣ ካርድ የሞላሁት ለምኑ ነው?» ትላለች እህቴ።

«የምትከፍሉት ለኔ አይደል? ተዉት!» አለች ልጅቷ ሳትዞር። «እኔ እንደገና ፍሬሽ ከምሆን ዓረብ ሀገር እሄዳለሁ!»

አንባቢዎቼ፣ ይህቺን ቃል ሰፈራችን ውስጥ ሲሏት ቀልድ አይደለችም። ፓስፖርት አውጥተው የሄዱትንም፣ ሄደው በሳጥን የተመለሱትንም እናውቃለን። የዚያን ለሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በነጋታው ልጅቷን ይዤ ቤቴል ሰፈር ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሄድኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሬጅስትራር ቢሮ ውስጥ ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። መነጽራቸውን አጠለቁና ወረቀቷን ተቀበሏት።

«የኮርሱን ስም ተይውና ቁጥሩን አንብቢልኝ፣ ልጄ» አሏት።

«ሳይክ 1011።»

«እሺ። ፊደሎቹ የሚነግሩሽ የትምህርቱን ዘር ነው፤ ሳይኮሎጂ። የመጀመሪያዋ 1 የአንደኛ ዓመት ናት። የመጨረሻዋ 1 ደግሞ አንደኛው ሴሚስተር። ሂስት 1012 ቢሆንስ?»

«ታሪክ፣ አንደኛ ዓመት፣ ሁለተኛ ሴሚስተር» አለች። ከትናንት ወዲህ ድምፅዋን ስሰማው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«አየሽ! አጣና ተራ የተመዘነ አንድ ኪሎ ስኳር ጅማ ሲደርስ ሦስት ሩብ ይሆናል እንዴ? ኪሎ የትም ኪሎ ነው። እነዚህ ኮርሶችም አገር አቀፍ ናቸው። ኮሌጁ ለራሱ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚያስተምረውን የኮርስ ዝርዝር አምጪልኝና ጎን ለጎን እናስቀምጠው።»

ፍሬሽማን ሄዶ የመጣው

እዚህ ላይ ትንሽ ወደኋላ ልመልሳችሁ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ተለያይተው የነበሩ ኮሌጆች አንድ ጥላ ሥር ገቡ። የኛ ዘመን ሰዎች «ፍሬሽማን» ስንል የምናውቀው ዓመት ለብዙ ጊዜ ከዚያ ጋር ኖረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ዲግሪው ከ4 ዓመት ወደ 3 ሲወርድ ፍሬሽማን ቀረ፤ ትምህርቱ ወደ 11ኛና 12ኛ፣ ማለትም ወደ መሰናዶ ተገፋ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በየአቅጣጫው በዛ፤ የግል ኮሌጁም እንደ አሸን ፈላ። አንዱ ጋ የተማረ ሌላው ጋ ሲሄድ «ይሄ የኛ አይደለም» መባል የተለመደ ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመልሶ መጣ። የአሁኑ የሚለየው የጋራ ኮርሶች በአንድ ስም፣ በአንድ ኮድና በአንድ የመማሪያ ሞጁል መዘጋጀታቸው ነው። ጠቅላላ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ናቸው። አንትሮፖሎጂ፣ ግሎባል ትሬንድስና ኢንክሉሲቭነስ ደግሞ 2 ክሬዲት። ወረቀት ላይ ክሬዲቱ 3፣ ከጎኑ ደግሞ 5 ተብሎ ብታዩ አትደናገጡ፤ 5ቱ በአውሮፓ መስፈሪያ የተሰፈረ ነው። ኮርሱ ያው ነው።

ይህ የኛ ብቻ ችግርም አይደለም። አውሮፓውያን ተማሪ ከአገር አገር ሲዘዋወር ያን መስፈሪያ ያወጡት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ኮሌጆች በአንድ የኮርስ ቁጥር ይሠራሉ። እዚያ ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ኢኤንሲ 1101 የሚባለውን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ያለፈ ልጅ ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደገና አይማረውም። ካሊፎርኒያ እንኳ የማኅበረሰብ ኮሌጆቿ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲይዙ ሕግ ያወጣችው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ሀብታሙም እየተማረው ነው ማለት ነው።

«ዲ» የተደበቀችው

ወደ ልጃችን ልመለስ። ዝርዝሩን አምጥተን በማስመሪያ መስመር በመስመር ስናነጻጽር አብዛኛው ገጠመ። ሁሉም ግን አልገጠመም፤ ይህንን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ልጅቷ የተማረችው በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ነበር። አካውንቲንግ ኢኮኖሚክስ ይፈልጋል፤ እሷ የወሰደችው ፊዚክስ ነው። ማቲማቲክስም ብትወስድ የወሰደችው የተፈጥሮ ሳይንሱን ነው፤ ለማኅበራዊ ሳይንስ የተዘጋጀው ሌላ ነው። ስማቸው ወንድማማች ቢሆንም ውስጣቸው ይለያያል። ፊዚክሱ ሜዳ ላይ ቀረ።

ጋሼ ወደ ታች ወረዱና አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አቆሙ። «ይቺ አንትሮፖሎጂ… ዲ ናት?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ለካ ለእናቷ «ቢ አመጣሁ» ብላ ኖሯል! እኔም ሳቄ መጣና ዋጥኩት።

«ኮድ በር ድረስ ያደርስሻል፣ ልጄ» አሏት ጋሼ። «በሩን የሚከፍትልሽ ግን ግሬድሽ ነው። ደከም ያለውን ግሬድ የሚቀበልሽ አይኖርም፤ ድገሚው።»

ቀጣዩ ራስ ምታት ወረቀቱ ነበር። በእጃችን ያለው ስቱደንት ኮፒ ነው፤ ኮሌጁ ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ለሬጅስትራር፣ ታሽጎ እንዲመጣ ይፈልጋል። ልጅቷ ለእረፍት ብላ ስለወጣች ክሊራንስ አልጨረሰችም፤ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሻንጣዋ ውስጥ ተገኘ! የወጪ መጋራቱም ገና ነው። እዚያው ለቀረች ጓደኛዋ ውክልና ልከን፣ መጽሐፉን በአውቶቡስ አድርሰን፣ የአንዱን ዓመት ወጪ ከፍለን ትራንስክሪፕቱ እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው፤ ቀድማ ጨርሳው ብትመጣ ኖሮ የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር።

በመጨረሻ እዚያው ኮሌጅ ተመልሰን ከመስኮቱ ሳይሆን ከኃላፊው ዘንድ ገባን። ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጠን፣ የተመሳሰለውን ኮድ አስምረንበት ሰጠናቸው። ኃላፊዋ አይተው «ይሄማ የኛው ኮርስ ነው» አሉ። ከአሥር በላይ ኮርስ ተያዘላት። የቀሯት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ኢኮኖሚክስ፣ ማቲማቲክሱና ያቺ አንትሮፖሎጂ።

የጎረቤታችን ልጅ ግን…

ሁሉም እንደሷ አይቀናውም። የጎረቤታችን ልጅ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ደረጃ 4 ጨርሷል፤ የብቃት ምዘናውንም አልፏል። ጎበዝ ልጅ ነው። ዲግሪ ልማር ብሎ ሲመዘገብ ግን ከተማረው አንዷም አልተያዘችለትም። ለምን ቢሉ፣ የሙያ ትምህርት የሚሰፈረው በብቃት አሃድ ነው፤ የዲግሪው በክሬዲት። አንዱ በክንድ፣ ሌላው በሜትር ይለካል፤ የጋራ ቁጥር የላቸውም። ያንኑ የሂሳብ መዝገብ ሁለተኛ ከፍሎ እየተማረው ነው። «አስተማሪው ዴቢት ክሬዲት ሲል እንቅልፌ ይመጣል» ይለኛል። ለፍሬሽማን የተሠራው ሥራ ለነዚህ ልጆችም ቢሠራ ምን ነበረበት? እላለሁ።

ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም ሆነ የግል ተመራቂ በሙሉ አንድ ዓይነት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። መውጫው አንድ ከሆነ መንገዱም መተዋወቅ አለበት። ልጁ የት ጀመረ ሳይሆን ምን አወቀ ነው መጠየቅ ያለበት።

እንግዲህ ወላጆችና ተማሪዎች፣

1ኛ. ግቢ ለቃችሁ ስትወጡ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ክሊራንሳችሁን ጨርሱ። በኋላ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል።

2ኛ. የየኮርሱን ሞጁልና ዝርዝር መግለጫ አስቀምጡ። ኮድ ያልገጠመ እንደሆነ የሚሟገትላችሁ እሱ ነው። በተለይ ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያሉት የዲፓርትመንት ኮርሶች ኮዳቸው ከተቋም ተቋም ሊለያይ ይችላል።

3ኛ. ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ኮርስ እንደተያዘ በጽሑፍና በማኅተም ተቀበሉ። «እንይዝልሻለን፣ አንቺ ብቻ ተመዝገቢ» የሚል ቃል ነፋስ ነው።

4ኛ. ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት፣ በዚያ ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። ፈቃድ የሚሰጠው ለየትምህርቱና ለየካምፓሱ ነው። ፈቃድ የሌለው ቦታ የተማራችሁት ኮዱ ቢያምርም ነገ ሌላ ጋ አይቆጠርላችሁም።

5ኛ. መስኮት ላይ «አይሆንም» ስትባሉ እሱን የመጨረሻ ፍርድ አታድርጉት። ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ወደ ኃላፊ ግቡ፤ በትሕትና ጠይቁ፣ ግን ጠይቁ።

ልጃችን አሁን ጠዋት ጠዋት አየር ጤና ታክሲ ተሰልፋ አያታለሁ፤ አካውንቲንጓን ይዛለች። አንትሮፖሎጂን ደግማ ወስዳ ውጤቱ የወጣ ዕለት ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች መጣችና መጀመሪያ ያሳየችው ለእናቷ ነው። «ቢ ናት! ይቺኛዋ እውነተኛ ናት!»

እናቷም አየት አድርጋ «የድሮዋስ?» አለቻት።

ስለ ዓረብ ሀገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳችም።