የአስቤዛ ወጪ ሲቀነስ ከማን ሳህን ላይ ነው የሚቀነሰው?

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት ሳይሆን ስለ አስቤዛ ነው። «ሐኪምን ደግሞ ከአስቤዛ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉ፣ ብዙ ያገናኘናል። የጠቅላላ ሐኪም ደመወዝ ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚያልቅ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ እኔም እንደናንተው ሽንኩርት ስንት ገባ እያልኩ የምጠይቅ ሰው ነኝ።

ከተወሰኑ ወራት በፊት አንዲት እናት የ1 ዓመት ከ2 ወር ልጇን ይዛ ተመላላሽ ክፍል መጣች። «ጉንፋን አልለቀው አለ፣ ክብደትም አይጨምርም» አለችኝ። የክንዱን ዙሪያ ስለካው 12 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ ይህ ልኬት ከ12.5 በታች ሲሆን መካከለኛ፣ ከ11.5 በታች ሲሆን ደግሞ ከባድ የምግብ እጥረት እንለዋለን። የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርጌ ሳየው ነጥቷል፤ የደም ምርመራውም ደም ማነስ እንዳለበት አሳየ።

ምን ምን እንደሚበላ ጠየቅኳት። «ኑሮ ስለከበደን እንቁላሉንም ምስሩንም ቀንሰናል። ለሱ ግን ምንም አላጓደልኩበትም ዶክተር! ጁስና ብስኩቱን በየቀኑ እገዛለታለሁ። የምግብ ፍላጎት የሚጨምር ሽሮፕም ከፋርማሲ ገዝቼለት ነበር» አለችኝ።

ይቺ እናት ቸልተኛ አይደለችም። ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ነው ጁሱን የምትገዛው። ችግሩ ወጪ ሲቀነስ የቀረው ገንቢው ምግብ፣ የተረፈው ደግሞ ማሸጊያው የሚያምረው መሆኑ ነው። የጁሱን፣ የብስኩቱንና የሽሮፑን ወጪ አብረን ስንደምረው፣ ልጁ በየቀኑ አንድ እንቁላል በልቶበት ገንዘብ ይተርፍ ነበር።

ስለዚህ የዛሬው መልእክቴ አጭር ነው፦ ወጪ እንቀንስ፣ ግን ከየት እንደምንቀንስ እንወቅ።

1. መጀመሪያ የሚቀነሱት

👉 ለስላሳና የታሸገ ጁስ፦ አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ወደ 7 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን አለፈችው ማለት ነው! ለትንሽ ልጅ ደግሞ ጁስ ሆዱን ይሞላበትና ምሳውን እንዳይበላ ያደርገዋል።

👉 ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ከረሜላ፦ እያንዳንዱ ሲገዛ ትንሽ ብር ነው የሚመስለው። የአንድ ሳምንቱን ጽፋችሁ ደምሩትና እዩት።

👉 የምግብ ፍላጎት ሽሮፕ፦ ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው። ልጅ የማይበላበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ደም ማነስ፣ የሆድ ትላትል፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ሽሮፕ ከመግዛት በፊት ይመርመር።

👉 የሾርባ ኩብና ማጣፈጫ፦ አብዛኛው ጨው ነው። ቤት ውስጥ የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ትርፉ ጉዳት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ኮረሪማ ከበቂ በላይ ናቸው።

👉 ዘይት፦ ዘይት አቁሙ አላልኩም። ግን ወጡ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት ሳህን ላይ ቀርቶ የሚታጠብ ከሆነ ገንዘባችሁን ነው በእቃ ማጠቢያ የምትደፉት። ባለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ስንት ቀን እንደሚቆይ ቀኑን ጻፉበትና በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ለማስረዘም ሞክሩ። ከዚህ ውጪ የሚሆነው የሕፃን ገንፎ ነው። ትንሽ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጉልበት ስለሚሰጠው እሷን አትቀንሱበት።

2. እጅ የማይነካቸው

👉 ጥራጥሬ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ። «ሥጋ ካልበላን ፕሮቲን ከየት ይመጣል?» ለምትሉ፣ እንጀራው ውስጥ ያለው እህል የሚያንሰውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ያሟላለታል፤ ጥራጥሬው የሚያንሰውን ደግሞ እህሉ። እንጀራ በሽሮ የድሃ ምግብ ነው ብሎ የሚያፍር ሰው ካለ ማፈሩን ይተው። ሽሮው ግን ውሃ ውሃ እንዳይል! ቀጥኖ ለስምንት ሰው የሚደርስ ሽሮ የሚያጠግበው ዓይንን ብቻ ነው።

👉 እንቁላል፦ አንዱ 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ቅድሚያ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ይሁን። አባወራው «ለኔ ይቅርብኝ» ቢል ምንም አይጎዳውም።

👉 ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፦ ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ለዓይንና ለበሽታ መከላከያ የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ይሰጣሉ። ጎመኑ ወይም ምስሩ ላይ ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ደግሞ ውስጡ ያለውን ብረት ሰውነታችን የበለጠ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋር ሲጠጡ የብረቱን መግባት ይቀንሳሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆየት ብላችሁ ጠጡ። ይሄ ምክር ሳንቲም አያስወጣም።

👉 አዮዲን ያለው ጨው፦ በክዳን ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።

👉 የእናት ጡት፦ እስከ 6 ወር ብቻውን፣ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ። የቆርቆሮ ወተት ዋጋ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል። የሚቆጠበው ግን የምታጠባው እናት በደንብ ስትበላ ነው።

3. ዋጋው ዝቅ ብሎ ጥቅሙ የማይወርድ

ቀይ ጤፍ ከማኛ በጥቅም አያንስም። ልዩነቱ መልኩና ስሙ ላይ ነው። ጤፉን ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨትም ምንም ችግር የለውም። ሩዝ ከበዛበት ግን እንጀራው ይነጣል እንጂ ብረቱና አሰሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሩዙን አታብዙ።

ለሕፃን ደግሞ የፋብሪካ ዱቄት የግድ አይደለም። ምጥን ቤት ውስጥ ይሠራል፦ ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ በቆሎ ካላችሁ ሁለት ሦስቱን ቀላቅሉ) አንድ እጅ ጥራጥሬ። ጥራጥሬው ታጥቦ፣ ተዘፍዝፎ፣ ደርቆ፣ ተቆልቶና ተከክቶ ከእህሉ ጋር ይፈጫል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ ወፈር ያለ ይሁን። ቀጭን አጥሚት ትንሿን ሆድ በውሃ ይሞላታል። አብስላችሁ ስታወርዱ የደቀቀ ጎመን ወይም ካሮት፣ ሲገኝም እንቁላል ቀላቅሉበት፤ እንቁላሉ በደንብ ይብሰል።

4. ርካሽ መስለው የሚያስከፍሉ

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው።

👉 ጓያ የበዛበት ሽሮ፦ ከገበያው ዋጋ በጣም የወረደ የተፈጨ ሽሮ ስታገኙ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቁ። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ የእግር ሽባነት ያመጣል፤ ከመጣ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። ጎንደርና ወሎ ላይ በችግር ዘመን ብዙ ሰው በዚህ ተጎድቷል። አቅም ከፈቀደ ሽምብራውን ወይም አተሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ አስፈጩ።

👉 የሻገተ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ፦ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለጉበት ካንሰር ያጋልጣል። መቁላትም ሆነ መቀቀል ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። «ትንሽ ነው፣ ጠርጌ እበላዋለሁ» አይሠራም።

👉 አረንጓዴ የሆነ ድንች፦ በርካሽ ቢሸጥላችሁም ተዉት፤ ሆድ ያሳምማል።

5. ገበያ ስትወጡ

የሸማቾች ማኅበር ሱቅንና የእሁድ ገበያን ከሰፈር ሱቅ ጋር አወዳድሩ፤ ሁልጊዜ አንዱ ብቻ አይረክስም። ጤፍና ሽንኩርትን ከጎረቤት ጋር በጋራ ገዝቶ መካፈል የድሮ ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ቲማቲምና ቅጠላቅጠል ግን በሁለት ሦስት ቀን የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ግዙ፤ የበሰበሰ ነገር በምንም ዋጋ ቢገዛ ውድ ነው። ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፋችሁ ብታድሩ ከሰልም መብራትም ይቆጥባል።

የተረፈ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ፤ ማቀዝቀዣ ይግባ፤ ሲሞቅም እስኪፈላ ይሙቅ። ማቀዝቀዣ ከሌለ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ይሻላል። አንድ ተቅማጥ ለሕክምና የሚያስወጣው ከወጡ ዋጋ ይበልጣል።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልጨምር። በጾም ወራት ቤቱ ሁሉ ሲጾም የትንሹ ልጅ እንቁላልና ወተት አብሮ ይቀራል፤ «ለሱ ብቻ ብዬ ድስት አላነካካም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ሕፃን ልጅ ጾም የለበትም። ለሱ ትንሽ ድስት ለይታችሁ አስቀምጡለት። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ደግሞ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ሁሉን አድርጋችሁም ለማይበቃችሁ፣ በተግባር ብዙ ቤት እንደዚህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማፈር አያስፈልግም። ልጃችሁ ከከሳ፣ እግሩ ካበጠ፣ ቶሎ ቶሎ ከታመመ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የክንድ ልኬት ደቂቃ አይፈጅም፤ ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጠው ፕላምፒኔትም መንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ በነፃ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም።

ያ ልጅስ? የብረት ሽሮፕ አዘዝኩለት፣ እናትየውም ጁሱን በእንቁላልና በምጥን ገንፎ ቀየረችው። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ ክንዱ 12.8 ደርሶ ነበር። «ጁሱን ስከለክለው ሁለት ቀን አለቀሰብኝ፣ በሦስተኛው ረሳው» አለችኝ እየሳቀች። የአስቤዛ ወጪዋን ስጠይቃት ደግሞ ካለፈው ወር እንዳልጨመረ ነገረችኝ።

ዛሬ ማታ ቁጭ ብላችሁ የዚህን ሳምንት አስቤዛ በወረቀት ጻፉት። ከጎኑም እያንዳንዱን ማን እንደበላው ጻፉ። የሚቀነሰው የቱ እንደሆነ ወረቀቱ ራሱ ይነግራችኋል።

ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት። ቸር ሰንብቱ!