የገና ጨዋታ ደጀኖች

ታኅሣሥ ሲጋመስ በቁይ ዙሪያ አብዛኛው አዝመራ ታጭዶ ይከመራል። ማሳው ይገላለጣል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ይሰማራል፣ እረኛውም «ሰብል ገባብኝ» ከሚል ሥጋት ያርፋል። ከዚያ በኋላ ሜዳው የገና ነው። የደባይ ጥላትግን ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ቁይ እንደ ሌላው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ በዚህ ወቅት ብርዷ ይጠናል፤ ለወጣቱ ብርዱን የሚያስረሳው ደግሞ ሩጫው ነው።

ጨዋታው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሁለት ቡድን፣ አንድ ሩር፣ በየእጁ ጫፉ የቆለመመ ዱላ፤ ሩሩን እየመታ ከባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ወገን አሸናፊ ነው። ትውፊቱ ከቤተልሔም እረኞች ይጀምራል። የጌታን መወለድ የሰሙት እረኞች ከደስታቸው ብዛት በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይባላል። የጨዋታው ዋና ቀን ልደት ቢሆንም ልጆቹ ከበዓሉ ቀደም ብለው ሜዳውን ያሟሙቁታል።

ዱላው እንዲያው ከደጅ የተነሣ እንጨት አይደለም። ወይራም ይሁን ሌላ ጠንካራ ዛፍ፣ ተፈጥሮ ከሥሩ ያጎበጠው ከተገኘ ይመረጣል። ካልተገኘም እርጥቡ እንጨት በእሳት ተለብልቦ ይቆለመምና ቅርጹን እስኪይዝ ታስሮ ይቆያል። ሩሩ ከእንጨት ተጠርቦ ይድቦለቦላል፣ ወይም ከጠፍር ይሠራል። የእንጨቱ ሩር ሲመቱት ሩቅ ይሄዳል፤ ቅልጥም ላይ ካረፈ ግን ምሕረት የለውም።

በገጠሩ ልማድ የተጫዋች ቁጥር ልክ የለውም። ላይ ሰፈር ከታች ሰፈር፣ ያገባ ካላገባ ይሰለፋል። የየጎኑ መሪ ይመረጣል፣ ሩሩ መሐል ሜዳ ይቀመጣል፣ ሁሉም ሚናውን ለይቶ ይቆማል። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ያለው አቧራና ጩኸት ነው። በዚያን ቀን ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢነካው ቂም አይያዝም፤ ጌታም ቢሆን ቅልጥሙን እያሻሸ መሳቅ ይጠበቅበታል። ሲመሽ አሸናፊው ተሸናፊውን በግጥም ይሞልጨዋል፤ ተሸናፊው ለከርሞ ይዝታል።

ተመልካች የሚያወራው ሩሩን ስለሚያጎነው መቺ ነው። ጨዋታውን የሚያድነው ግን ከኋላ የቀረው ደጀን ነው። ሁሉም ሩሩን ተከትሎ ከነጎደ አንድ ረጅም ምት ጨዋታውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ብልህ መሪ እግረ ፈጣኖቹን ወደፊት ሲልክ፣ ዓይናቸው የሰላ ሁለት ሦስት ሰዎችን ከወሰኑ ፊት ያስቀራል። እንዲህ ያለው ሰው ዱላውን ሰቅሎ አይጠብቅም፤ ቁልምሙን ከመሬት አስጠግቶ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ሩሩን ሳይሆን የመቺውን ትከሻ ያያል። ሩሩ ሲመጣ መጀመሪያ ያቆመዋል። ከዚያ ግርግሩ ወዳለበት መሐል ሳይሆን ሰው ወደሳሳበት ዳር ይመታዋል። ቸኩሎ ወደ መሐል የመለሰ ደጀን ሩሩን ለባላጋራው አቀበለው ማለት ነው።

ይኸው ጥበብ በሌላው የዓለም ጫፍ የዕድሜ ልክ ሙያ ሆኗል። የገና የሩቅ ዘመድ የሆነው የበረዶ ሆኪ በአንድ ጊዜ ከየቡድኑ ስድስት ሰው ያሰልፋል፦ አንድ በረኛ፣ ሁለት ተከላካይ፣ ሦስት አጥቂ። ሜዳው በረዶ፣ ጫማው ባለ ስለት፣ ሩሩ ደግሞ ጠፍጣፋ ጎማ ነው። ይህች ጎማ 170 ግራም ያህል ብትመዝንም በጠንካራ መቺ ዱላ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትወነጨፋለች። ስዊድናዊው ተከላካይ ቦርዬ ሳልሚንግ እ.ኤ.አ. በ1986 ወድቆ ሳለ የሌላ ተጫዋች የጫማ ስለት ፊቱን ሰንጥቆት ከ200 በላይ ስፌት ተሰፍቷል። በዚያ ፊት ተመልሶ ተጫወተ።

ከስዊድን ተከላካዮች ሁሉ ስሙ ከፍ ያለው ኒክላስ ሊድስትሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ተወለደ። በአገሩ ለቬስቴሮስ ክለብ ተጫወተ፣ በ1991 ወደ አሜሪካው ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ተሻገረ፤ ከዚያም 20 የውድድር ዘመን በአንድ ማልያ ቆየ። የሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ አሸናፊ የሚወስደውን የስታንሊ ዋንጫ አራት ጊዜ አነሣ። የሊጉ ምርጥ ተከላካይ የሚሸለመውን የኖሪስ ዋንጫ ሰባት ጊዜ ወሰደ። በ2006 የቶሪኖ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ስዊድንና ፊንላንድ 2 ለ 2 ሆነው የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በተጀመረ በ10ኛው ሰከንድ ያገባት ግብ አገሩን ወርቅ አስገኘች።

ከዋንጫዎቹ ይልቅ ሰውየውን የሚያስረዳው ግን ሌላ ቁጥር ነው። በመደበኛው የሊጉ ውድድር 1,564 ጨዋታ ሲያደርግ በጥፋት ከሜዳ ወጥቶ የተቀጣበት ጊዜ በጠቅላላው 514 ደቂቃ ብቻ ነው። ትንሹ ቅጣት ሁለት ደቂቃ በሆነበት፣ ሰው በሰው በሚላተምበት ስፖርት ይህ እጅግ ጥቂት ነው። ሊድስትሮም በትከሻ ከመግጨት ይልቅ አጥቂው ሊሄድበት የፈለገውን መንገድ ቀድሞ በዱላው ይዘጋ ነበር። እንዲህ ያለው ደጀን በጎጃም ሜዳም ቢሆን መሪ የሚመርጠው ሰው ነው።

ታዲያ በእኛ ደጀንና በስዊድኑ ተከላካይ መካከል ያለው ልዩነት ከምን መጣ? በተፈጥሮ ችሎታ ብቻ አይመስለኝም። የስዊድን ልጅ በልጅነቱ ክለብ ይገባል፣ አሠልጣኝ ይይዘዋል፣ ወቅቱን ሙሉ ይወዳደራል። የእኛ ልጅ አዝመራ ተነሥቶ በዓሉ እስኪያልፍ ይጫወትና ዱላውን ይሰቅላል። በርግጥ ገና ጨርሶ ባለቤት አልባ አይደለም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከቀስትና ከፈረስ ጉግስ ጋር ያወዳድረዋል፤ ሕግና ዳኛም አለው። ዳሩ ግን በአገር አቀፍ ውድድር የሚሰለፈው ቡድን ከታች ካልመጣ ከየትም አይመጣም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ደግሞ ስዊድን ድረስ መሄድ አያሻም። በዚያው በጎጃም ምድር፣ በአዊ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር የዓድዋን ድልና የፈረስን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ፈረሰኞቹን ይሰበስባል። ፈረስ መጋለብ የጥቂት አዛውንት ትዝታ ሆኖ ያልቀረው ማኅበርና የተቆረጠ ቀን ስላለው ነው።

ገናም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የቁይና የአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች፣ የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ወላጆች ከታኅሣሥ እስከ ጥር የቀበሌ ለቀበሌ ውድድር ቢጀምሩ የሚጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው፤ ሜዳውም ዱላውም ሩሩም በእጅ አለ። ድሮ የተጫወቱ አባቶች በሕይወት ሳሉ ልጆቹን ያሠልጥኑ፤ ሲያሠለጥኑም ከመምታት በፊት ማቆምን ያስተምሩ።