መኪና ለሚገዛ አባወራ

በ1900 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዳግማዊ ምኒልክ፣ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ ተደነቀ፤ የዛሬው አባወራ ግን ይጨነቃል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ አንድ የአምቦ ባልደረባችን «የኤሌክትሪኩን ልግዛ ወይስ ያገለገለ የቤንዚን?» ሲል ጠየቀን።

እኛም፦ አስቀድመህ መንገድህን ተመልከት አልነው። ወንጪ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ በስሱ አየር የቤንዚን ሞተር ይደክማል፤ የኤሌክትሪኩ አይደክምም። ነገር ግን ዳገቱ ባትሪውን ይጨርሳልና ሳይሞሉ መነሣት አይገባም፤ ቁልቁለቱም የወጣውን ኃይል በከፊል ይመልሳል። የቤንዚኑ ነጂ በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ብቻ ቢረግጥ ግሎ ይከዳዋል።

የልጆቹን የትምህርት ገንዘብ አፍስሶ፣ በአራጣም ተበድሮ፣ ለጎረቤት ዓይን ሲል የሚገዛ ሰው ግን፣ መኪናው እርሱን ይነዳዋል እንጂ እርሱ መኪናውን አይነዳም።