ስለ እንጉዳይ ዘር አዘገጃጀት

ባለፈው ዓመት በልደት በዓል ማግሥት፥ በሰፈራችን እንጉዳይ እያበቀሉ በሽያጩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ወደ ቤቴ መጡ። ገዝተው ያስመጡት ዘር በመንገድ ሰንብቶ ኖሮ፥ ጭድ የሞሉባቸው ከረጢቶች ሁሉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሰውባቸው ነበር። «የኔታ፥ የጤፉን ዘር ከጎተራ አወጣለሁ፤ የእንጉዳዩን ግን ዘወትር ከሰው እጅ ስጠብቅ ልኖር ነውን? ዐቢይ ጾም እኮ ደረሰ» አሉኝ። በእነዚያ 55 ቀናት የሚሸጡት የብዙ ወር የቤት ኪራይ እንደሚሸፍንላቸው ዐውቅ ነበርና እንዲሁ ልሸኛቸው አልቻልሁም። ነገር ግን ሥራውን በክፍል አስተምረዋለሁ እንጂ በእጄ ሠርቼው አላውቅም ነበር።

እንጉዳይ ብለን የምንበላው ፍሬው ብቻ ነው። አካሉ በጭዱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የሚዘረጋው ነጭ ክር ነው። ይህን ክር ከሌላው ሻጋታ ለይቶ ለማሳደግ ምግብ የያዘ፥ የረጋና ንጹሕ የሆነ መደብ ያስፈልጋል። የሚያረጋውም ከቀይ የባሕር ሣር የሚወጣው አጋር አጋር የተባለው ዱቄት ነው። ስሙ አጋር ከሚለው ከእኛው ቃል ጋር ቢመሳሰልም የመጣው ከማላይ ቋንቋ ነው።

ሊቃውንቱ ቀድሞ ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙበት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚሠራውን ጄላቲን ነበር፤ እርሱም በበጋ ሙቀት ይቀልጥ፥ ረቂቃን ተሐዋስያንም ይበሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 በበርሊን በሮበርት ኮኽ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዋልተር ሄሰ በዚህ እጅግ ተቸገረ። መፍትሔውን ያመለከቱት ባለቤቱ ወይዘሮ ፋኒ ሄሰ ናቸው፤ በወጥ ቤታቸው ጣፋጭ ምግብ የሚያረጉበትን አጋር አጋር እንዲሞክር ነገሩት። አጋር ከረጋ በኋላ 85 ዲግሪ ያህል ካልደረሰ አይቀልጥም። ኮኽ በ1882 ስለ ሳንባ ነቀርሳ ባሳተመው ጽሑፍ አጋርን ሲጠቅስ የወይዘሮዋን ስም አለማንሣቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

እኛም እንዲህ አደረግን። 100 ግራም የተከተፈ ድንች በግማሽ ሊትር ውኃ ቀቅለን መረቁን አጠለልን፤ በትነት የጎደለውን ውኃ መልሰን ሞላን፤ 10 ግራም ስኳርና 10 ግራም አጋር ጨምረን እስኪሟሟ እያማሰልን አፈላነው። ከዚያም በጠርሙስ አድርገን በፕሬዠር ቀቀልነውና በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በስምንት ብርጭቆ ቀዳነው። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼ እንዲያዩ ብዬ ክዳኑን ደጋግሜ አነሣሁ። በአራተኛው ቀን ስምንቱም አረንጓዴና ጥቁር ሆኑ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የሻጋታ ዘር በዓይን ሳይታይ በአየር ላይ ይንሳፈፋልና።

በሁለተኛው ጊዜ መቅዳቱን ተውነው። መረቁን ገና ትኩስ ሳለ ሙቀት በሚችሉ አፈ ሰፊ ትናንሽ የብርጭቆ ዕቃዎች ውስጥ ግማሽ ጣት ያህል ጨምረን፥ ክዳናቸውን አላልተን፥ በፎይል ሸፍነን፥ ከነዕቃቸው በፕሬዠር ውስጥ አስገባናቸው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ፕሬዠሩም በባሕር ጠረፍ የሚደርስበትን 121 ዲግሪ እዚህ አይደርስበትም። ስለዚህ በ30 ደቂቃ ፈንታ 45 ደቂቃ አቈየነው፤ ሳንከፍተውም እስከ ማግሥቱ እንዲቀዘቅዝ ተውነው።

ዘሩን የወሰድነው ከገበያ ከመጣ ትኩስ እንጉዳይ ነው። ወይዘሮዋ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር የበቀለውን ብንወስድስ ብለው ነበር፤ «እትዬ፥ ይህ መደብ የሚያበዛው የሰጡትን ነው፤ መርዘኛውን የጅብ ጥላ ወደሚበላ አይለውጠውም» አልኋቸው። የበር መዝጊያና መስኮት ዘግተን፥ ሁለት የእጅ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሠራን። እጃችንንና ሣጥኑን 70 ከመቶ በሆነ አልኮል አበስን፤ አልኮሉ ፈጽሞ ሳይደርቅ እሳት ማቅረብ አደገኛ ነው። ምላጩን ከሣጥኑ ውጭ በእሳት አግለን አበረድነው። እንጉዳዩን በእጅ ለሁለት ሰነጠቅነው እንጂ አልቈረጥነውም፤ አየር ካልነካው ከውስጠኛው ሥጋው የስንዴ ፍሬ የምታህል ቅንጣት ወስደን በመደቡ መካከል አኖርን፤ ወዲያውም ከደንነው።

ዕቃዎቹ በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን በቅንጣቶቹ ዙሪያ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ብቅ አለ። በዐሥረኛው ቀን ከስምንቱ ሁለቱ አረንጓዴ ሆነዋል፤ አንዱም እንደ ንፍጥ ያለ ነገር አውጥቷል፤ አምስቱ ግን ነጭ ናቸው። የተበላሹትን ማሽተትም መክፈትም አይገባም፤ እንደ ተከደኑ ዳግመኛ በፕሬዠር ቀቅለን ደፋናቸው።

ከነጮቹም የክሩን ዳር ዳር እየወሰድን፥ ተቀቅሎ በፕሬዠር በጸዳ ማሽላ ላይ አኖርነው፤ ማሽላው በሦስት ሳምንት ነጭ ለበሰ፤ እርሱም ጭዱ ላይ የሚዘራው ዘር ነው። የጾሙ መግቢያ አመለጣቸው። የመጀመሪያው ለቀማ የደረሰው በደብረ ዘይት ሳምንት ነበር፤ ወይዘሮዋ አንድ ሳህን ሞልተው ለቤተ ሰቤ ላኩ፥ አብሮም ባዶ የብርጭቆ ዕቃ ነበረ፤ መረቅ እንድሞላበት ነው።