ዓይናችን ነጭ ላይ የምናየው ቡናማ ነገር፦ መቼ ነው የሚያሳስበው?



ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በግብርና የሚተዳደሩ አንድ አባት ወደኔ መጡ። አንደኛው ዓይናቸው ላይ፣ በአፍንጫ በኩል፣ ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቡናማ፣ ሻካራ ነገር በቅሏል።

«ስጋ ነው ተብዬ አምና ተቆርጦልኝ ነበር፤ ይኸው ተመልሶ መጣ» አሉኝ።

«የተቆረጠው የላብራቶሪ ውጤት የታለ አባባ?»

«የምን ውጤት ልጄ? ተጣለ እንጂ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔም ኢንተርን እያለሁ እንዲህ ያለውን ስጋ ነው ብዬ ጠብታ ሰጥቼ ሸኝቻለሁ።

መጀመሪያ ግን እንዳትደነግጡ። እንደኛ ቆዳው ጠየም ወይም ጠቆር ባለ ሰው ዓይን ነጭ ላይ ቡናማ ጥላ መኖሩ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ በሁለቱም ዓይን፣ የጥቁሩን ዙሪያ ተከትሎ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። የእናቴም ዓይን እንደዚያ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ያለች፣ «ማርያም የሳመችኝ» የምንላት ዓይነት ነጥብም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የላትም፤ በጉርምስና ጠቆር ልትል ትችላለች።

የሚያሳስበው በአዋቂነት አዲስ የመጣ፣ የሚያድግ፣ ከፍ ያለ፣ የደም ስር የበዛበት ወይም ወደ ጥቁሩ የሚሳብ ነገር ነው። ቡናማ ስለሆነ ሜላኖማ ነው ማለት አይደለም፤ እሱ በጥቁር ሰው ዓይን ላይ ብርቅ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት የሚያጋጥመው ስኳመስ የሚባለው የዓይን ገጽ ካንሰር ነው። እኛ ላይ ቡናማ ቀለም ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ያሳስታል። ዋና አጋላጮቹ ፀሐይና ኤችአይቪ ናቸው። ስለዚህ ሐኪም የኤችአይቪ ምርመራ አድርጉ ቢላችሁ አትቀየሙ። ፀሐዩን ደግሞ ብርድ አገር ነን ብለን እንንቀዋለን፤ ግን በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል፤ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት።

ነጥቡ አዲስ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ የምረቃ ወይም የሰርግ ፎቷችሁን አውጡና ዓይናችሁን አጉልታችሁ እዩ። ያኔ ካልነበረ የዓይን ሐኪም በስሊት ላምፕ ይየው። እሱም ቢሆን በማየት ብቻ እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ የሚለየው የፓቶሎጂ ምርመራ ነው። ከዓይናችሁ ላይ ምንም ነገር ቢቆረጥ፣ «ወደ ፓቶሎጂ ተልኳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም።

አባባን ወደ ዓይን ሐኪም ላክኋቸው። በዚህኛው ጊዜ ናሙናው አልተጣለም። ውጤቱ ካንሰር ነበር፤ ደግነቱ ከላይኛው ሽፋን አላለፈም። አሁን ክትትል ላይ ናቸው፣ ያያሉም። ባለፈው ሲመጡ ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ነበር፤ የልጃቸው መሰለኝ።