ድመት በእንቅልፏ ስትንቀጠቀጥ፤ ሕልም ነው ወይስ ደዌ?

አንዲት ድመት በእንቅልፏ መካከል ጢሟን ብታርገበግብ፣ የእግሯን ጣቶች አጠፍ ዘርጋ ብታደርግ፣ ከጉሮሮዋም ደቃቅ ድምፅ ብታሰማ፣ ይህ ፈጣሪ በእንስሳት ላይ ከሠራው ሥርዓት አንዱ ነውና አሳዳጊዋን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ ነገር ግን ሰውነቷ ተገትሮ፣ መንጋጋዋ ገጥሞ፣ ሽንቷም በተኛችበት ያመለጣት እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከሕልም ወሰን ወጥቶ ወደ ደዌ ወሰን ገብቷል። ይህን ልዩነት አጥብቄ የመረመርሁት እዚህ በአሶሳ ዞን፣ በመንጌ፣ አብራኝ በምትኖረው ድመቴ ላይ ሁለተኛው ስለ ደረሰባት ነው፤ ድመት ያላችሁ ሁሉ ታውቁት ዘንድም በዚህ ቻናል እጽፈዋለሁ።

የመጀመሪያውን ወሰን ለዓለም የገለጠችው ራሷ ድመት ናት። ሚሼል ዡቬ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በሊዮን ከተማ ሲመራመር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተኛች ድመት አንጎል እንደ ነቃ አንጎል እየሠራ ሳለ ጡንቻዋ ግን ፈጽሞ የሚላላበት ጊዜ መኖሩን አስታወቀ። ጡንቻን የሚያስረው ትእዛዝ ከአንጎል ግንድ የሚወርድ መሆኑም የታወቀው፣ በዚያ ስፍራ ያለችው ጥቂት ክፍል በተበላሸባቸው ድመቶች ነበር፤ እነዚያ ፍጥረታት ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ተነሥተው በማይታይ አይጥ ላይ ያደቡና ይዘሉ ነበር። ስለ ሥቃያቸው ማዘን የሚገባ ቢሆንም፣ ያስተማሩን ትምህርት ታላቅ ነው፤ ጤናማ ድመት ስታልም የምናየው መርገብገብ ከዚያ ማሰሪያ ሾልኮ የሚወጣ ቅሪት ብቻ ነውና፣ ሰውነቷ ልል ነው፣ ቢጠሯት ትነቃለች፣ ስትነቃም የት እንዳለች ታውቃለች፣ መኝታዋም ደረቅ ነው።

የሚጥል በሽታ መልክ ግን ሌላ ነው። ድመቲቱ በድንገት ትገተራለች፣ አራቱ እግሮቿ እንደሚዋኝ ይቀዝፋሉ፣ ለሃጯ ይወርዳል፣ ዓይኗ ተከፍቶ ሳለ አያይም፤ ፊኛዋን የሚጠብቀውም ጡንቻ ከአንጎል ሥልጣን ስለሚወጣ ሽንቷ ሳታውቀው ይፈስሳል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ ግን ትደናበራለች፣ ከግድግዳ ትጋጫለች፣ አሳዳጊዋንም እንደ ባዕድ ታየዋለች። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ይህ መደናበሯ ነው። መኝታውን አረጠበች ብሎ የሚመታት ሰው ቢኖር፣ ባላወቀችው ሥራ እየቀጣት ነውና ይታቀብ ዘንድ እለምናለሁ።

አብዛኞቹ ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች እንደ መሆናቸው መጠን፣ ድመት ነጃሳ (ርኩስ) አይደለችም የሚለውን የነቢያቸውን ትምህርት ስለሚያከብሩ፣ በመታመሟ ከልብ አዘኑልኝ። በሀገራችን ሰው ሲወድቅ እንደሚደረገው ክብሪት ጭሬ ጢሱን እንዳሸትታት የመከሩኝም ነበሩ። ምክሩ ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም ጢስ ይህን ደዌ አያቆምም፤ ትንፋሽ ላጠራትም ጭንቅ ይጨምርባታል። የሚገባው ከእሳትና ከከፍታ ማራቅ፣ ብርሃንና ጫጫታ መቀነስ፣ እጅን ወደ አፏ አለማስገባት፣ ሰዓት መመልከትና በስልክ መቅረጽ ነው። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም በአንድ ቀን ከተደጋገመ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም መፈለግ ይገባል።

ስለ መንሥኤው ብጠየቅ፣ በእኛ ቆላ አስቀድሜ የምጠረጥረው መርዝን ነው። የማሽላ ጎተራ ባለበት የአይጥ መርዝ አይታጣም፤ ከእነዚህም ዚንክ ፎስፋይድ ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ለውሻ መዥገር የሚሸጠው ፐርሜትሪን፣ የድመት ጉበት ሊያስወግደው ስለማይችል፣ ውሻውን ሳይጎዳ ድመቲቱን ይጥላታል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ ማጥፊያዎች ደግሞ ለሃጭን፣ መንቀጥቀጥንና ሽንት መልቀቅን በአንድነት ያመጣሉ፤ ስለዚህ ቤት ወይም እህል ሲረጭ እስኪደርቅ ድረስ ድመትን ማራቅ ግድ ነው። መርዝ ግን እንቅልፍን አይጠብቅም፤ እየተመላለሰ በእንቅልፍ የሚመጣው ሕመም ከአንጎል ጉዳት ወይም ከኩላሊትና ከጉበት ድካም ሊሆን ይችላል፤ መንሥኤው ጭራሽ የማይገኝበትም ጊዜ አለ። ሳትንቀጠቀጥ ሽንቷ ብቻ የሚያመልጣት ድመት ካለች ጅራቷን ተመልከቱ፤ ጅራት በኃይል ሲጎተት የፊኛ ነርቮች ይበጠሳሉና ልጆቻችሁን ከዚህ ጨዋታ ከልክሉ።

በክልላችን የእንስሳት ሐኪም ትጋቱ በአብዛኛው በገንዲ በሽታ ለሚያልቁት ከብቶች ነው፤ የገበሬው ኑሮ በበሬው ላይ ነውና ይህ ተገቢ ነው። ድመት ይዞ ወደ አሶሳ የሚሄድ ሰውም እንግዲህ የሕመሙን ቀን፣ ሰዓትና ርዝመት ጽፎ፣ የቀረጸውንም ይዞ ይሂድ፤ ሐኪሙ ሕመሙን በሚነሣበት ሰዓት የማየት ዕድሉ ጥቂት ነው። ፌኖባርቢታል ለሰው እንደሚሰጥ ሁሉ ለድመትም ይጠቅማል፤ ነገር ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን፣ ከተጀመረም በድንገት አይቋረጥ። ፓራሲታሞል ለድመት ገዳይ ስለ ሆነ ከቶ አይሰጥ።

ሊጠረጠር የሚገባው ሌላው መንሥኤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ድመትንም ይይዛል። ጠባይዋ ተለውጦ ያለ ምክንያት የምትናከስ፣ መዋጥ ያቃታት፣ ድምፅዋ የተለወጠ ድመት ብትኖር በእጅ አትነካ፤ ሰው ከነከሰች ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ተነካሹ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ድመቲቱም ተዘግታ 10 ቀን ትጠበቅ። የእኔዋ በየሕመሟ መካከል ወደ ቀድሞ ጠባይዋ እየተመለሰች ወራት ስላለፉ ከዚህ ጥርጣሬ ወጥታለች፤ የሚያስፈልጋት መድኃኒቷን በሰዓቱ መስጠትና መኝታዋን ከምድጃው ማራቅ ነው።