ኀዘንተኛው የፖሊስ መርማሪ፤ ስለ ማክጊቨርን «ዘ ቢግ ሂት» የተሰጠ ማብራሪያ

የወንጀል ልብ ወለድ ታሪክ የጊዜ ማሳለፊያ እንጂ የጥናት ጉዳይ አይደለም የሚል አሳብ ከጓደኞቻችን አንደበት ደጋግመን ሰምተናል። አሳቡ ፈጽሞ ሐሰት ነው አንልም፤ በርካሽ ዋጋ ከሚሸጡት ከእነዚህ መጻሕፍት አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ተነብበው የሚጣሉ ናቸው። ሆኖም ከመካከላቸው አንዳንዱ ሕግ ዐዋቂዎችና ፈላስፎች በብዙ ገጽ የሚከራከሩበትን ጥያቄ በአንድ ሰው ኑሮ ላይ ጥሎ ያሳየናል። የአሜሪካዊው ደራሲ የዊልያም ማክጊቨርን «ዘ ቢግ ሂት» የተባለው መጽሐፍ ከዚህ ዓይነቱ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሕግ አስከባሪ የነበረ ሰው ሚስቱ ተገድላበት፣ ሕጉም በገንዘብ ተገዝቶ ሲያገኘው፣ ፍርድን በገዛ እጁ ሊፈልግ ይገባዋልን? ቢፈልግስ ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይመለሳል? (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ስለ ስሙ አንድ ቃል እንበል። ቃል በቃል ቢመለስ «ትልቁ ሙቀት» ማለት ነው፤ ይህ ግን ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። በአሜሪካ ወንበዴዎች አነጋገር «ሙቀት» የሚባለው ፖሊስ ወንጀለኞችን አላስቀምጥ አላስቆም ብሎ የሚያስጨንቅበት ጊዜ ነው። እንግዲህ «ትልቁ ሙቀት» ከተማውን በስውር የሚገዙት ሰዎች አጥብቀው የሚፈሩት ቀን ነው፤ ይኸውም ሽፋናቸው ተገልጦ ሕግ ከልቡ የሚነሣበት ቀን።

መጽሐፉ የሚመደብበትን የአጻጻፍ ዓይነት አሜሪካኖቹ ጠንክሮ በተቀቀለ እንቁላል መስለው «ሃርድቦይልድ» ይሉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «ደረቅ ልብ ወለድ» ብለነዋል፤ ስሜቱን በፊቱ የማያወጣውን ሰው «ደረቅ ነው» እንደምንለው ማለት ነው። የዚህ አጻጻፍ መፍለቂያ በ1920 የተመሠረተው «ብላክ ማስክ» የተባለ መጽሔት ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1933 ድረስ ስለ ቆየ በድብቅ የሚነግዱ ወንበዴዎች ባለጠጎች ሆኑ፣ ከሀብታቸውም ለፖሊሱና ለዳኛው አካፈሉ። በእንግሊዝ የወንጀል ታሪክ አንድ ብልህ ሰው ነፍሰ ገዳዩን ካወቀው ነገሩ አለቀ፤ ፖሊስ ይመጣል፣ ፍርድ ቤቱም የቀረውን ይፈጽማል። በደረቁ ልብ ወለድ ግን ገዳዩን ማወቅ የነገሩ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃልና። ከደራሲዎቹ ዋና የሆነው ዳሺል ሃሜት ራሱ የፒንከርተን የግል መርማሪ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። በ1929 ባወጣው «ሬድ ሃርቨስት» በተባለው መጽሐፉ ስሙ ያልተገለጸ መርማሪ ወንበዴዎቹን እርስ በርሳቸው በማፋጀት አንዲት የተበላሸች ከተማ ያጸዳል፤ በመካከሉ ግን መግደል እየጣመው መሄዱን ራሱ ይገነዘብና ይደነግጣል። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ማክጊቨርን በ1918 የተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር ያገለገለ፣ ከዚያም በፊላደልፊያ ከተማ የጋዜጣ ወሬ አቅራቢ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። የፖሊስ ጣቢያን ሽታና የፖሊሶችን አነጋገር ያወቀው ከዚህ ሥራ ነው። መጽሐፉ በ1953 ሲወጣ ለአሜሪካ አንባቢ ጉዳዩ እንግዳ አልነበረም። ከዚያ በፊት በ1950ና በ1951 በሴናተር ኢስቴስ ኬፎቨር የሚመራ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ ስለ ተደራጀ ወንጀል መርምሮ ነበር፤ ሕዝቡም ምስክርነቱን በቴሌቪዥን ተመልክቷል። ፍራንክ ኮስቴሎ የተባለው የኒውዮርክ የወንበዴዎች አለቃ ፊቴ አይታይ ብሎ ስለ ተከራከረ ካሜራው እጆቹን ብቻ ሲያሳይ ውሏል። ሰው ሁሉ ያንጊዜ ያያቸውን የሚቁነጠነጡ እጆች ባለቤታቸውን ጭምር በልብ ወለድ ለማየት ጓጉቶ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዴቭ ባኒየን በፊላደልፊያ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነው። ዲሪ የተባለ የፖሊስ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ራሱን በጥይት ይገድላል፤ ሚስቱም በሕመም ምክንያት መሆኑን ትናገራለች። አንዲት ሉሲ የምትባል የመጠጥ ቤት ሴት ግን ሰውየው አልታመመም ነበር ትላለች። ወዲያው ሉሲ ተገድላ ትገኛለች። የባኒየን አለቃ ሌተናንት ዊልክስ ነገሩን ተወው ብሎ ያዝዘዋል፤ ባኒየን ግን አልተወውም፤ የከተማው የስውር ገዢ እስከ ሆነው እስከ ማይክ ላጋና ቤት ድረስ ሄዶ ይናገረዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በመኪናው ውስጥ ለእርሱ የተጠመደው ፈንጂ ሚስቱን ኬትን ይገድላታል። አለቆቹ በግድያዋ ምርመራ ሊሄዱበት የማይፈልጉት መንገድ እንዳለ ሲረዳ ሥራውን ትቶ ይወጣል፤ ትንሽ ሴት ልጁንም ከዘመድ ዘንድ ያስቀምጣታል። የቀረው ታሪክ የፍለጋው ታሪክ ነው።

እንግዲህ ወደ ኀዘኑ እንምጣ፤ ይህን መጽሐፍ ከመሰሎቹ የለየው ኀዘኑ ነውና። በተለመደው ደረቅ ልብ ወለድ መርማሪው ላጤ ነው፤ ቤት የለውም፣ የሚያጣውም ነገር የለውም። ማክጊቨርን ግን የሚያጣው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ያሳየናል፤ ራትና የቤት ወሬ፣ የልጅ መኝታ ሰዓት። ይባስ ብሎም ባኒየን አንባቢ ነው። ግዙፍ ሰውነት ያለው ይህ ፖሊስ ማታ ማታ የፈላስፎችን መጻሕፍት፣ በተለይም የ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊ መነኵሴ የነበረውን የመስቀሉ ዮሐንስን ያነባል። ከኬት ሞት በኋላ እነዚያ መጻሕፍት የሚነግሩት ነገር አይኖራቸውም። ደራሲው ይህን ሲጽፍ እንባ አያስለቅስም፣ አያስጮኽምም። በእኛ አገር ለቅሶ ቤት ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ አልቃሽ የሟቹን መልካም ሥራ እየዘረዘረች ኀዘንተኛውን ታስለቅሰዋለች፤ ኀዘኑ በቃል ይወጣል። ባኒየን አልቃሽ የለውም፤ ባዶ ቤቱን ዘግቶ ይወጣና ኀዘኑ ሁሉ ወደ እጁ ይወርዳል።

በዚሁ በ1953 ፍሪትስ ላንግ ታሪኩን ወደ ፊልም መልሶታል። ላንግ በ1890 በቪየና የተወለደና ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 ከጀርመን የወጣ ነው፤ ወንጀለኞችና ፖሊሶች በአንድነት አንድን የሕፃናት ገዳይ የሚያሳድዱበትን «ኤም» የተባለውን ፊልም በ1931 ስለ ሠራ ለጉዳዩ አዲስ አልነበረም። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሲድኒ ቦም ሲሆን ባኒየንን ሆኖ የተጫወተው ግሌን ፎርድ ነው። በፊልሙ ውስጥ ስለ ኀዘን ያለን አሳብ ሁሉ የሚሰበሰብባቸው ሁለት ትዕይንቶች አሉ። በመጀመሪያው፣ ዴቢ የምትባለው የወንበዴው ወዳጅ በሆቴል ክፍል ተቀምጣ ሚስቱ ምን ዓይነት ሴት እንደ ነበረች ትጠይቀዋለች። ባኒየን የሚመልስላት ዕድሜዋን፣ የጠጉሯንና የዐይኗን ቀለም ነው። ይህ የጠፋ ሰው ሲፈለግ በፖሊስ መዝገብ የሚሞላ ዝርዝር እንጂ የሚስት ትዝታ አይደለም፤ ዴቢም ይህንኑ ትለዋለች። በሁለተኛው ዴቢ በጥይት ተመትታ ወለል ላይ ተኝታ ልትሞት ነው፤ ያንጊዜ ባኒየን አጠገቧ ተንበርክኮ ስለ ኬቲ (በፊልሙ ስሟ ይህ ነው) ማውራት ይጀምራል። ምን ያስቃት፣ በምን ትቆጣ እንደ ነበር ይነግራታል። በፖሊስ ቋንቋ የጀመረው ሰው በባል ቋንቋ የጨረሰው በዚህ ቦታ ነው። በእኛ አስተያየት የፊልሙ ፍጻሜ ይህ ነው እንጂ የላጋና መያዝ አይደለም።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ባኒየን ከፖሊስ ኃይል በሚሰናበትበት ጊዜ ባጁን ያስረክባል፤ ሽጉጡን ግን በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ነው ብሎ ያስቀረዋል። ይህች የፊልሙ አጭር ትዕይንት ስለ ሥልጣን ረዥም ንግግር ትተካለች። መንግሥት ለሰው የሚሰጠው ሥልጣን ባጅና ሽጉጥ አንድ ላይ ሆነው ነው፤ ባጁ ሲለይ ሽጉጡ ብቻውን የሚቀረው ሰው ከሚያሳድዳቸው ሰዎች በምን ይለያል? ከጓደኞቻችን አንዱ «ይህማ ደም መመለስ ነው፤ የእኛ አገር ሰው መጽሐፍ ሳያነብ የሚያውቀው ነገር ነው» ብሎናል። ይህን አንቀበለውም። ደም መመለስ የወገን ግዳጅ ነው፤ ዘመድ ይጠብቀዋል፣ ደመኛውም ማን እንደ ሆነ የታወቀ ነው፣ ሽማግሌዎችም ገብተው በካሳ ሊያስታርቁ ይችላሉ። ባኒየን ግን ብቻውን ነው፤ ግደል የሚለው ወገን የለውም፣ ይብቃህ ብሎ በጉልበቱ ላይ የሚወድቅ ሽማግሌም የለውም። ማቆሚያውን ከራሱ ውስጥ መፈለግ አለበት፤ የመጽሐፉም ጭንቀት በዚህ ላይ ነው።

ማቆሚያው የሚፈተነውም በሟቹ በዲሪ ሚስት ነው። ዲሪ ከመሞቱ በፊት የላጋናንና የተገዙትን ባለሥልጣኖች ሥራ የሚገልጽ ኑዛዜ ጽፎ ነበር። ሚስቱ ያንን ጽሑፍ ለሕግ አላቀረበችም፤ ደብቃ አስቀምጣ በእርሱ እያስፈራራች ከላጋና ገንዘብ ትቀበላለች። ላጋና ሊያስገድላት አይችልም፤ እርሷ ከሞተች ኑዛዜው ይወጣልና። እንግዲህ የነገሩን ውል አስተውሉ፤ ከተማው ነጻ እንዲወጣ የሚያስፈልገው የአንዲት ሴት ሞት ብቻ ነው። ባኒየን ይህን ሲያውቅ ሊገድላት ይቃጣል፤ ነገር ግን አይገድላትም። ሃሜት በ1929 ያሳየንን፣ መግደል እየጣመው የሄደውን መርማሪ እዚህ ላይ እናስታውስ። ማክጊቨርን ሰውየውን እስከዚያው ገደል አፋፍ አድርሶ ይመልሰዋል።

ግን መለሰው ስንል ለእውነት ያህል አንድ ነገር መጨመር አለብን። ባኒየን ያላደረገውን ዴቢ ታደርገዋለች። ምስጢሩን ከእርሱ አፍ ሰምታ ሄዳ ወይዘሮ ዲሪን ትገድላታለች፤ ኑዛዜው ይወጣል፣ ትልቁ ሙቀት ይጀምራል፣ ላጋና ይወድቃል። የባኒየን እጅ ንጹሕ የሆነው ሌላ ሰው እጁን ስላቆሸሸለት ነው። ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ ይህን የደራሲው ድካም አድርገው ይቈጥሩታል፤ ጀግናውን ከደም ለማዳን ሲል ደሙን በአንዲት «ወደቀች» በተባለች ሴት ላይ አፈሰሰው ይላሉ። ነቀፋው ከባድ ነው። በእርግጥም ሉሲ ትሞታለች፣ ኬት ትሞታለች፣ ዴቢም አትተርፍም፤ ወንዱ ይማርበት ዘንድ ሴቶቹ ይከፍላሉ። ሌሎቻችን ግን ላንግ ይህን ሳያስተውል አልሠራውም እንላለን። ዴቢና ወይዘሮ ዲሪ ሁለቱም ውድ የጠጉር ካባ ለብሰው ፊት ለፊት ሲቆሙ፣ ተመልካቹ ሁለቱም ከአንድ ሰው ኪስ እንደ ለበሱ ያያል፤ ባኒየንም ምስጢሩን ለዴቢ የነገራት ምን ሊያደርስ እንደሚችል ፈጽሞ ሳያስብ ነው ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

ዴቢ ለዚህ የበቃችበትን ምክንያት የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከባኒየን ጋር መነጋገሯን የሰማው ወዳጇ ስቶን የፈላ ቡና ፊቷ ላይ ደፍቶባት ነው። በፊልሙ ስቶንን የሚጫወተው ሊ ማርቪን፣ ዴቢን ደግሞ ግሎርያ ግሬም ናት። ቡናው ሲደፋ አይታይም፤ ሲንተከተክ ይታያል፣ ከዚያም ጩኸት ይሰማል። ቡና የእንግዳ ማክበሪያና የእርቅ ምልክት በሆነበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ትዕይንት ከጥይቱ ሁሉ ይልቅ ይሰቀጥጣል።

መጽሐፉና ፊልሙ የሚለያዩበት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥቂት እንቆይ። በመጽሐፉ ባኒየን ገና ፖሊስ ሳለ አንድ ጥቁር ተጠርጣሪ በጣቢያው ግፍ እንዳይደርስበት ይከላከልለታል፤ ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ይኸው ሰው ፈንጂውን የሠራውን ለማግኘት ይረዳዋል። በፊልሙ ይህ ሰው የለም፤ በቦታው በከዘራ የምትሄድ፣ በአሮጌ መኪናዎች ማከማቻ የምትሠራ አንዲት አሮጊት ገብታለች። አሮጊቷ ፈርታ ሳለ መርዳቷ ልብ ይነካል። ነገር ግን በመጽሐፉ ያለው አሳብ ተጐድቷል፤ በዚያ ባኒየንን የረዳው ሽጉጡ ሳይሆን ባጁን በያዘበት ጊዜ የሠራው ትክክለኛ ሥራ ነበርና። ፊልሙ በ2011 በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ፊልሞች መዝገብ ገብቷል፤ መጽሐፉን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነው ይህን ልዩነት ማንሣታችን።

በፊልሙ መጨረሻ ባኒየን ወደ ቀድሞ ጠረጴዛው ይመለሳል። ጓደኞቹ ሰላምታ ይሰጡታል፤ ስልክ ይደወላል፤ ሌላ ሰው ተገድሏል። ኮቱን አንሥቶ ሲወጣ ቡናው ትኩስ እንዳለ እንዲቆየው አደራ ይላል። ቃሉን የሚናገረው እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው፤ ከበስተኋላው ካሉት ሰዎችም አንድ እንኳ ፊቱን አላጨማደደም።